የነሐሱ ሮኬትና የጋሽ ተፈራ ቃል

የንስሐ አባቴ ኦክላንድ ናቸው። ዓቢይ ጾም በገባ ቁጥር እየሄድኩ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ረቡዕና ዓርብ መሻሬን አንድ በአንድ እዘረዝርላቸዋለሁ። አንዷን ግን ስደርስባት እዘላታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ለሚስቴም አልነገርኳትም። እንግዲህ ይህን የምታነበው ሰው፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ ከእኔ ሌላ ነገሩን የምታውቅ አንተ ብቻ ልትሆን ነው። ስጽፍ ከተቆጣሁ በአንተ አይደለም፣ በራሴ ነው።

ኃጢአቴ ረጅም ታሪክ የለውም። አንድ ሰው ቃላቸውን አደራ ሰጡኝ፤ እኔ በቃላቸው ፈንታ ሌላ ቃል አስቀመጥኩ። አጠገቤ ቆመው ነበር። ጆሯቸው ስለማይሰማ አላወቁም። እኔ ግን እየሰማሁት ነው የተናገርኩት። ሰው ሰክሮ ወይም ተናዶ ያደረገውን «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። እኔ ያን ቀን አልሰከርኩም፣ አልተናደድኩም፣ ሰይጣንም ሥራ የበዛበት ይመስለኛል፤ ብቻዬን ነበርኩ።

ሰውየው ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። አገር ቤት ሃያ ዓመት የጦር አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሜካኒክ ናቸው። የጄቱ ጩኸት ቀኝ ጆሯቸውን ጨርሶ ወስዶታል፤ ግራው ደግሞ ጠጋ ብለው በአማርኛ ካልጮኹበት አይሰማም። እንግሊዝኛ ማንበቡንስ ከእኔ የበለጠ ያነባሉ፤ የአውሮፕላን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። ፈረንጅ ሲያወራ ግን ከንፈሩን አያላቅቅ፣ ድምፁን ከፍ አያደርግ፤ ምኑን ይስሙት? ስለዚህ የሚሰሙትም የሚናገሩትም በእኔ በኩል ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ሳን ሆዜ ስገባ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። «ይሄ ልጅ ቶርኖ ያውቃል፣ ሞረድ ያውቃል፣ እኔ ዋስ ነኝ» ብለው ነው ያስገቡኝ። ያን «ዋስ ነኝ» የሚለውን እንኳ ለአለቃው የተረጎምኩት እኔ ራሴ ነበርኩ።

የሥራ ቦታችን ስሙን የማልጠራው አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ሥራው ለነፋስ ዋሻ የሚሆኑ ሞዴሎችን መቅረጽና መሞከር ነው። የነፋስ ዋሻ የምልህ፣ በአንድ ጫፉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማራገቢያ ያለው ረጅም የብረት ቱቦ ነው። አዲስ የታሰበ አውሮፕላን ወይም ሮኬት መጀመሪያ በትንሹ ተቀርጾ ቱቦው ውስጥ ይሰቀላል። ማራገቢያው ይነሣል፤ ነፋሱ ዕቃውን ምን ያህል እንደገፋው፣ ምን ያህል እንዳወዛወዘው ሚዛን ይመዘግባል። ጋሽ ተፈራ ሞዴሎቹን ይጠብቃሉ፣ ይሰቅላሉ። እኔ ከኋላ ባለው ክፍል እቀርጻለሁ እንጂ ዋሻው ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተከፈተ ነው። ያኔ አውሮፕላኖች በክንፋቸው ሥር ሮኬት እየተሸከሙ ይተኩሱ ስለነበር፣ ሮኬቱ ሲለቀቅ መንገዱን እንዳይስት የጅራቱ ክንፎች ምን ያህል ይሁኑ የሚለው የሚፈተነው በነዚህ ትናንሽ ሞዴሎች ነበር። ከዚያ ዘመን አንድ የነሐስ ሮኬት ቀርቷል፤ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚሆን፣ አራት ስስ ክንፍ ያለው። ከአርባ ዓመት በኋላም ጡረታ አልወጣም። ዋሻው በተጠገነ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰቀለው እሱ ነው። ቁጥሩ ከድሮው መዝገብ ጋር ከገጠመ ዋሻው ደህና ነው፤ ካልገጠመ የዋሻውን ቁጥር የሚያምን ደንበኛ የለም። ጋሽ ተፈራ «ሽማግሌው» ይሉት ነበር። «እሱ ሳይናገር ሌላው አይናገርም» እያሉ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው ሣጥኑን ይቆልፋሉ፤ መቆለፋቸውንም ይፈርማሉ።

ያን ጊዜ የጋሽ ተፈራ ሐሳብ ሁሉ ካርቱም ነበር። ልጃቸው ጽጌ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ እናቷ ሞታባት ካርቱም ውስጥ ሰው ቤት ተጠግታ ትኖር ነበር። ተጠግታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካርቱምን ያየ ያውቀዋል፤ የሰው ልጅ ታዝላለች፣ የሰው ልብስ ታጥባለች። ወረቀቷ ሁሉ ተሟልቶ የቀረው አንድ ደብዳቤ ነበር፤ አባቷ ቋሚ ሥራ እንዳለው አሠሪው ፈርሞ የሚሰጠው። አለቃችን ዴል «የተጠገነውን ዋሻ ሊያዩ ሰኞ የሚመጡትን እንግዶች እንሸኝና እፈርምልሃለሁ» ብሏቸዋል። የደብዳቤው ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ።

ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረው ዓርብ ጋሽ ተፈራ ለዚሁ ጉዳይ ኦክላንድ ሄዱ። ዴልም አልነበረም። የሣጥኑን ቁልፍ ለሌላ መስጠት ክልክል ነው፤ ለእኔ ግን ሰጡኝ። «መለኪያዎቹ ከውስጥ ናቸው፤ ከፈለግህ አውጥተህ ሥራ። ሽማግሌውን እንዳትነካ» አሉኝ። እንዳትነካ! ይህን ያህል ግልጽ አማርኛ ነው የተነገረኝ።

እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ዲያቆን ነበርኩ። የበዓል ዋዜማ ሲሆን የነሐሱን መስቀልና ጽና በሎሚና በአመድ መወልወል የእኔ ድርሻ ነበር፤ ጠቁሮ የተገኘ እንደሆነ መሪጌታው ጆሮዬን ነው የሚያዞሩት። ታዲያ መለኪያ ላወጣ ሣጥኑን ብከፍት፣ ያ የተከበረ ሮኬት እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ተኝቷል። ሰኞ ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ! «ጋሽ ተፈራ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው አላየውም» አልኩ። ላስደስታቸው ፈለግሁ። እዚህ ላይ ቆም በል፤ «ላስደስታቸው ፈለግሁ» የሚለው እውነት ነው፣ ግን ይህን እውነት ስንት ዓመት እንደ ጋሻ ስይዘው ኖሬያለሁና እንዳታዝንልኝ። አትንካ ተብዬ ነክቻለሁ።

ከግቢው ጀርባ የሎሚ ዛፍ አለ። ሁለት ሎሚ ቆረጥኩ፣ ከምሳ ክፍሉ ጨው አመጣሁ፣ ወለወልኩ። ከአፍንጫው ወረድ ብሎ ዙሪያውን አንድ ሻካራ ቀለበት ተጣብቆበታል። የአርባ ዓመት ቆሻሻ መሰለኝ። በጥፍሬ አልለቅ ሲለኝ በቢላዋ ጫፍ ፋቅሁት። ክንፎቹን ደግሞ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፤ ጠርዛቸው ለስለስ እስኪል። ሲያልቅ ፊቴ ይታይበት ነበር። ሞኙ እኔ በራሴ ሥራ ተደስቼ ጠቅልዬ ቆለፍኩት።

ያ ቀለበት ቆሻሻ አልነበረም። ፍሬው ተመርጦ፣ ስፋቱ ተለክቶ በሙጫ የተለጠፈ አሸዋ ነበር፤ በትንሹ ሞዴል ላይ ነፋሱ በትልቁ ሮኬት ላይ እንደሚሄደው እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። የክንፎቹ ጠርዝም ስለታም የሆነው ተረስቶ አልነበረም። እኔ የሠራሁት ምስክርን ምላሱን ቆርጦ ፊቱን ማጠብ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሣጥኑ የተከፈተው እንግዶቹ ፊት ነው። ጋሽ ተፈራ ጨርቁን ገለጡት። እጃቸው ባለበት ቀረ። ዴል አየና ፊቱ ቀላ። መስማት የማይችል ሰው ማንሾካሾክ አይችልም፤ ጋሽ ተፈራ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል በአማርኛ ጮኸው «ብርሃኑ፣ ነክተኸዋል?» አሉኝ። እዚያ ከቆሙት ቃሉ የገባው እኔ ብቻ ነኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አልነካሁም አልኩ። ትንሽ አዩኝና «አንተ ካልክ፣ ካልክ ነው» አሉ። እንግዶቹ መፈተኛችሁን ስታስተካክሉ ጥሩን ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ዴል ሁለታችንን ቢሮ ጠራን። እኔን ያው ለአስተርጓሚነት ነው። «ጠይቀው፤ ይህ እንዴት ሆነ?» አለኝ። በግራ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራ ቀጥ ብለው ቆሙና ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤

«ዓርብ ዕለት እዚህ አልነበርኩም በለው። እኔ አልነካሁትም። የነካውም ሰው ለክፋት አላደረገውም። ግን ፊርማው የእኔ ስለሆነ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። የቀለበቱ ስፋት፣ የአሸዋው ዓይነት፣ የክንፉ ጠርዝ፣ ሁሉንም ለክቼ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ፣ መንትያውን ሠርቼ አስረክባለሁ።»

የሚያስፈልገው ሁሉ ይኸው ነበር። መፍትሔው ተሰጥቷል። ይህን ብተረጉም ዴል ደብተሩን አምጣ ይል ነበር፣ ሦስት ሳምንት ይሰጥ ነበር፣ ቅጹንም ይፈርም ነበር። አውቃለሁ፤ በኋላ ያየሁት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ፈራሁት። ዓርብ እዚህ አልነበርኩም ካልኩ ቀጣዩ ጥያቄ ምንድን ነው? ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር? ያንን ዓረፍተ ነገር ዘለልኩት። እሱን ስዘል ሁለተኛው ብቻውን አልቆም አለኝ፤ እሱንም ዘለልኩ። ዝም ብዬ ብቆምስ? ሁለቱም ያዩኛል፤ ይጠብቁኛል። አፌን ከፈትኩና በእንግሊዝኛ «ይቅርታ ይላል። ለእንግዶቹ ብሎ ያጸዳው እሱ ነው። ኃላፊነቱን ይወስዳል» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ምነው ወለምታ በሆነ! ወለምታ ሳታስበው ነው። እኔ ቃሉን መርጬዋለሁ፤ «ኃላፊነቱን ይወስዳል» የምትለዋን ከራሳቸው ንግግር ወስጄ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳት ውሸቱ እውነት እንዲመስል ነው። ሥራዬን የምችል አስተርጓሚ ነበርኩ።

ዴል ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «ከሰው ሁሉ እሱ እንዴት? እሱ እንደማይነካ ያውቃል እኮ» አለ። ጋሽ ተፈራ ፊቱን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ? ስለ ደብተሩስ?» አሉኝ። «ያስቡበታል» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

ዓርብ ፖስታ ተሰጣቸው። ከሥራ ተሰናብተዋል። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቅጽ ዴል ሳይፈርምበት ከፖስታው ጋር መለሰላቸው። የስንብት ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ፤ መነጽራቸውን ማውጣት እንኳ አልፈለጉም። «ይህ ውሳኔያችን ነው ይላል» አልኳቸው። ጋሽ ተፈራ ያሉትን እስክሞት አልረሳውም። «ምክንያቴን ሰምተው ካልተቀበሉኝ ምን አደርጋለሁ?» አሉ። ሰምተው! የጎዳቸው መባረሩ ብቻ አልነበረም። እውነታቸውን ተናግረው፣ ተሰምተው፣ ተመዝነው የቀለሉ መሰላቸው።

የመሣሪያ ሣጥናቸውን እስከ መኪናቸው ተሸከምኩላቸው። ሊሄዱ ሲሉ ደብተሩን አውጥተው ሰጡኝ። «ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል፤ አንተ ተጠቀምበት።» ተጠቀምኩበት! ገጹን ገልጬ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈታቸው የጻፉትን እያነበብኩ መንትያውን ሠራሁ። ዋሻው ውስጥ ሲሰቀል ቁጥሩ ከድሮው ጋር ገጠመ። ዴል እጄን ጨበጠኝ፤ «ይህን ከየት አወቅኸው?» ሲለኝ ፈገግ አልኩ። የሣጥኑን ቁልፍ ሰጠኝ። ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።

ጋሽ ተፈራ ኦክላንድ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀጠሩ። ያ የአውሮፕላን ሞተር በጣቱ ዳስሶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ቲኬት ይቆርጣል። አዲሱ አሠሪ ዓመት ካልሞላህ ደብዳቤ አልጽፍም አላቸው፤ ዓመቱ ሲሞላ ሌላው ወረቀት ጊዜው አለፈበት፤ እንደገና ሀ ተባለ። ጽጌ ለመምጣት ሁለት ዓመት ተኩል ዘገየች። በዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ካርቱም ውስጥ ምን እንደደረሰባት አባቷ ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም። ከመጣች ግን በር ሲንኳኳ ብድግ ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን ይህን አየሁና ቤቴ እስክደርስ መኪናው ውስጥ ራሴን ስሰድብ ሄድኩ። ስድብ ምን ይፈይዳል?

አንተ በቦታው ብትሆን «ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?» ትለኛለህ። ጽጌ እስክትመጣ ልታገሥ አልኩ፤ መጣች። ከመጣች በኋላ ደስታቸውን ለምን አደፈርሳለሁ አልኩ። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ዝም ብለው የቆዩበት ነገር የላቸውም መሰለኝ። የእኔ ነቅዟል።

አምና አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቴሌግራፍ አቬኑ የሚባል መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ሦስታችን ተቀመጥን። ጽጌ እንግሊዝኛውን ከሁላችን በልጣ ይዛዋለች፤ ኮሌጅ ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ አረጋውያን ታስታምማለች። ለአባቷ የሆነ ፎርም ልትሞላ የድሮ ወረቀታቸውን ስታገላብጥ ያን ፖስታ አግኝታለች። ከቦርሳዋ አወጣችው።

«ጋሼ ብርሃኑ፣ ይሄን ሌተር አንብበውት ያውቃሉ?» አለችኝ። «እዚህ ጋ እኮ ራሱ አምኗል ይላል። ሞዴሉን ክሊን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብሏል ይላል። አባዬ ደግሞ እንደዛ አላልኩም ነው የሚለው። ታዲያ ማን ነው ያለው?»

ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «እነሱ የፈለጉትን ነው የሚጽፉት» አልኩ። ፊቷ አላመነኝም። ጋሽ ተፈራ ከንፈራችንን እያዩ «ምንድን ነው? ምን ትላለች?» አሉ። ጠጋ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሳቅ አሉና እጃቸውን አወናጨፉ።

«ተዪው ጽጌ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ብርሃኑ ያልኩትን አንድ ሳያስቀር ነግሮልኛል። ያንን ወረቀት የጻፉት እነሱ ናቸው።» ይህን ብለው ጠቅልለው አጎረሱኝ።

ጎረስኩ። አኘክሁ፣ ዋጥሁ። ጽጌ «ኦኬ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንዲት ቃል ያልሰሙ ሰው ስለ ታማኝነቴ በልጃቸው ፊት መሰከሩልኝ፤ እኔም ምስክርነቱን ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው ውሸት የሚብሰኝ ይሄኛው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሥራዬን ፈርቼ ነበር። በዚያ እሁድ ምን ፈራሁ? ክብሬን። የትኛውን ክብር?

ጋሽ ተፈራ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከቤቴ ኦክላንድ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ለማላውቅህ ለአንተ የምዘበዝበው ምን ሆኜ ነው? ይህ ራሱ ያናድደኛል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። በጆሯቸው ጠጋ ብዬ እንዲህ ያለ ነገር መጮህ አልቻልኩም፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ጽጌ ትሰማለች አልኩ። ሰበብ ነው። ሁለቴም ስለ መኪናቸው ፍሬን አውርተን ተመለስኩ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ እሳቸው ያነባሉ። አንተን ከዚህ በላይ አላደክምህም። የቀረውን ለባለቤቱ ልንገር።

ጋሽ ተፈራ፣ ሮኬቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ዴል ያልሰማዎት ንቆዎት አይደለም፤ እኔ ስላልነገርኩት ነው። ያሉትን ሁሉ ከዚህ በላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ቢሰማው ኖሮ ሦስቱን ሳምንት ይሰጥዎት ነበር፤ እጅዎም ከመሣሪያ አይለይም ነበር። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ልጨርስ ነበር የተቀመጥኩት። አልልም፤ ደግ ሰው ስለሆኑ ወዲያው ይሉኛል፣ እኔም ቀልሎኝ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ጽጌ ታንብበው። ሁለት ዓመት ተኩሉ የእርሷ ነው፤ የምትለኝን ትበለኝ። እሁድ አምጥቼ በእጅዎ እሰጥዎታለሁ፣ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ደጅ እቆማለሁ። ያን ቀን «ማን ነው ያለው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ነኝ።